በልቶ መርሳት

ከአሰብ የወጣነው አመሻሽ ላይ ነው። ለአሰብ ሰው ምክንያቱን መናገር አያስፈልግም፤ ለሌላው ግን ልንገር። ቀን ቀን ያ ሙቀት ጎማ ያፈነዳል፣ ስለዚህ ከባድ መኪኖች ፀሐይዋ ከአሸዋው ሜዳ ወዲያ እስክትገባ ጠብቀው ነው የሚንቀሳቀሱት። እኛም ጠበቅን። በጋ ላይ ሁላችንም ደጅ ስለምንተኛ የብረት አልጋዎቹ ከበሩ ፊት ተደርድረው ነበር። እህቴ ሶስና አንዱ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ታጣጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ ደግሞ ታጣጥፋለች። እኔ ሻንጣው ላይ ተቀምጬ የነዳጅ ማጣሪያውን እሳት አያለሁ። አባቴ እዚያ ነበር የሚሠራው፣ ኦፕሬተር ነበር። ከረጅሙ ቱቦ ጫፍ ላይ የሚነደው ያ እሳት ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁት የምተኛው መብራት ነው። እኛ ከወጣን በኋላ ማጣሪያው ሲዘጋ እሳቱም ጠፋ አሉኝ። እኔ ሲጠፋ አላየሁትም። ለእኔ አሁንም ይነድዳል።

የምንሄደው ሶስናን ለማሳከም ነበር። ይህን አስቀድሜ ልበለው፣ ስንወጣ ሰፈሩ ሌላ ሌላ ነገር ያወራ ነበርና። ጣሊያን አገር ያለችው አክስታችን ጽጌ ባል አግኝታላት ነው የሚሉ ነበሩ። ባል አልነበረም። እህቴ መብላት አቅቷት ነበር። እንዴት እንደምለው አሁንም አላውቅም። ምግብ አልጠፋም። አባቴ ደመወዝ ነበረው፣ እናቴ ባለሙያ ናት፣ ዓሣው እንደሆነ ጠዋት ጠዋት ከዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር ከአሰብ ሰጊር ገና እየተንፈራገጠ ይመጣል። ሶስና ግን አትበላም።

ሲጀምር ጾም ነበር። አንድ ሁዳዴ፣ በዚያ ሙቀት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳትቀምስ መዋል ጀመረች። ጎረቤቶቻችን እናቴን «ታድለሽ፣ እንዲህ ያለች ጿሚ ልጅ ሰጥቶሽ» ይሏት ነበር። እናቴም ደስ ይላት ነበር። ፋሲካ መጣ፣ ሰው ሁሉ ፈሰከ፣ የሶስና ጾም ግን አልተፈታም። «ሆዴን ነፋኝ» ትላለች። «ቅድም ቀምሻለሁ» ትላለች። ልብሷ እየሰፋት ሄደ። የሆስፒታሉ ሐኪም ደሟን አየ፣ ሳንባዋን አየ፣ ምንም አላገኘም፣ ቪታሚን አዘዘላት። አክስታችን በስልክ «ላኳት፣ እዚህ ሐኪም አለ» አለች። ልጅቷ ብቻዋን አትሄድም ተባለና እኔ ተጨመርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩ እኔ ነበርኩ።

የሚወስደን ጋሽ ተካ የሚባል የአባቴ ወዳጅ ነበር፣ ከአሰብ አዲስ አበባ ከነተሳቢው የሚመላለስ ሾፌር። እናቴ ገና ከጋቢናው ሳይወርድ መስኮቱ ስር ቆመች።

«ጋሽ ተካ፣ አደራ። መንገድ ላይ እንድትበላ አድርግልኝ።»

«እትዬ፣ ከእኔ ጋር ቀርቦ ሳይጠግብ የተነሣ ሰው የለም። ይሄን ረዳቴን አያዩትም? ሲቀጠር የክብሪት እንጨት ነበር።»

ረዳቱ ሆዱን መታ መታ እያደረገ «አሁን ጎማ ለመቀየር ጎንበስ ማለት አቅቶኛል» አላት። እናቴ በዚያን ቀን የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ የሶስናን ፊት በሁለት እጇ ያዘችና «ስትመለሺ ጉንጭ ይዘሽልኝ ነይ» አለቻት። ሌላ ምንም አላለቻትም። እናቴ ከሕክምናው የጠበቀችው ይህንኑ ነበር፤ ጉንጭ።

ድንበሩ ቡሬ ላይ ነው። አንድ ሠራተኛ ወረቀታችንን በባትሪ እያየ አገላበጠው።

«ለምን ጉዳይ ነው የምትሄዱት?»

«ለሕክምና» አልኩ።

«ማን ነው በሽተኛው?»

«እህቴ ናት።»

«ምኗን ነው የሚያማት?»

«ምግብ እምቢ ብሏት ነው።»

«ምግብ እምቢ ብሏት ጣሊያን ድረስ? እኔን እዚህ በረሃ አምጥቶ የጣለኝ ምግብ ፍለጋ ነው። ቦታ እንለዋወጥ በላት።»

ሶስና ከጋቢናው ውስጥ ሆና «እሺ» አለችው። ሰውየው ሳቀና ማህተሙን መታ።

ሲነጋ ሎጊያ ደረስን። ጋሽ ተካ ጥብስ አዘዘ፣ ሰፊ ትሪ መጣ፣ አራታችንም ከበብነው። ይህን ነገር ቀስ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። የሶስና እጅ አልቦዘነም ነበር። ትቆርሳለች፣ ታጠቅሳለች፣ ደህና ደህናውን ሥጋ እየመረጠች ወደ ጋሽ ተካ ፊት ትገፋለታለች፣ ረዳቱን ታጎርሳለች፣ እኔን ታጎርሰኛለች። ትሪው ባዶ ሆነ። ጋሽ ተካ እጁን እየታጠበ «ምን ሆነች ነው የምትሉት? ደህና አድርጋ በላች እኮ። ደግሞ ለሰው የምታስብ ልጅ ናት» አለኝ። እኔም አመንኩ። ትሪ ላይ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። የሚታየው ማን ለሰው እንደገፋ ነው፣ የሚመሰገነውም እሱ ነው። ቤታችንም እንዲሁ ነበር የሆነው፤ ለአባቴ ትገፋለች፣ ለእኔ ትገፋለች፣ እኛ እየመረቅናት፣ ዓይናችን እያየ ከሳች።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄድን፤ አክስታችን ያለችበት ከተማ በጣሊያን ሰሜን በኩል ያለ የወደብ ከተማ ነው። ወደብ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። መርከብ አለ፣ ክሬን አለ፣ ባሕርም አለ፣ ነገር ግን ባሕሩ አይሸትም። አሰብ ላይ ቧንቧ ስትከፍት ቀዝቃዛው ራሱ ይፈጃል፤ እዚህ ሙቁ ራሱ ይቀዘቅዛል። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እንኳ አላውቅም። እዚያ በነፋሱ ወሩን እናውቅ ነበር። ሰው ደረጃ ላይ ሲያገኝህ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። እኛ ዘንድ አንድ ሰላምታ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ጤናውን አዳርሶ፣ በዐረብኛም ተደግሞ ነው የሚያልቀው። መጀመሪያ መጀመሪያ እኔ አከራያችንን ስለ ልጆቻቸው ጤና ጠየቅኳቸው። ልጅ አልነበራቸውም።

አከራያችን ሲኞር አልዶ ይባላሉ። ብቸኛ ሽማግሌ ናቸው። አክስታችን አንዲት አሮጊት እየጦረች የምትኖር ሴት ናት፣ ለእኛ ስትል ከእሳቸው ቤት ላይኛው ፎቅ ሁለት ክፍል ተከራየች። በመጀመሪያው እሑድ ሽንኩርትና በርበሬ ስታቁላላ በሩ ተንኳኳ።

«ምንድን ነው የሚቃጠለው?»

«ምንም አልተቃጠለም ሲኞር አልዶ፣ ምሳ ነው።»

«ምሳ ደረጃ አይወርድም። ይሄ እኔ ቤት ገብቶ ተቀምጧል።»

«ታዲያ ካልከበደዎ ያስተናግዱት» አለች አክስቴ በጣሊያንኛ፣ በፈገግታ። በአማርኛ ደግሞ ወደ እኔ ዞራ «የእሱ ምሳ የማይሸተው ስለማይጣፍጥ ነው» አለችኝ። ሽማግሌው በትከሻዋ ላይ አሻግረው ሶስናን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንዲህ የሚሸት ምግብ እየሠራችሁ ልጅቷን አታበሏትም እንዴ?» አሉ።

መጀመሪያ ያየን ሐኪም በዕድሜ የገፋ ሰው ነበር። አክስቴ ሥራ ላይ ስለነበረች ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ጣሊያንኛ አውቃለሁ ብዬ ነው የሄድኩት። የአሰብ ልጆች እንደምታውቁት ሁላችንም ትንሽ ትንሽ እናውቃለን። ግን የእኔ ጣሊያንኛ ከወደቡ ጋራዥ የለቀምኩት ነበር፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ። ከሰው አካል አንዱንም አላውቅም።

«ከየት ነው የመጣችሁት?»

«ከአሰብ።»

አላወቀውም። ኤርትራ አልኩ፣ ኢትዮጵያ አልኩ፣ ቀይ ባሕር አልኩ። ፊቱ በኀዘን ተሞላ።

«ገባኝ» አለ። «እዚያ የሚበላ አልነበረም።»

«ነበረ።»

«ማፈር የለብህም። በቴሌቪዥን አይተናል።»

«የሚበላ ነበረ፣ ዶቶሬ። እናታችን ታበስላለች። እሷ ናት የማትበላው።»

«ለምን?»

ቃል ፈለግኩ። ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው። «ቤንዚን አለ። ሞተሩ ደህና ነው። ፍሬን ይዟል።»

ሶስና ፍሬን የሚለውን ሰማች። «ስለ እኔ ነው ስለ መኪና ነው የምታወሩት?» አለችኝ።

«ዝም በይ፣ እያሳከምኩሽ ነው።»

ሳቅ ያዘን። እሷ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፣ እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሐኪሙ አልሳቀም። «ይሄን በሽታ አውቀዋለሁ» አለ። «የእኛ ልጆች ብቻ ይመስለኝ ነበር።» ከዚያ ለዚህ በሽታ ተብሎ ወደተሠራ ቦታ ላከን። ስም ያለው በሽታ መሆኑን ስሰማ በጣም ነው ደስ ያለኝ። በጋራዥ ስሙ የታወቀ ዕቃ መለዋወጫው ይገኛል። እኔም ከሕክምናው የጠበቅኩት ያንን ነበር፤ ዕቃው ይፈለጋል፣ ይገጠማል፣ አገራችን እንመለሳለን።

ቦታው ኮረብታ ላይ ያለ ቤት ነው፣ ከመስኮቱ ባሕሩ ይታያል። ሐኪሟ ላውራ ትባላለች፣ ሁሉም ዶቶሬሳ ነው የሚላት። በመጀመሪያው ቀን አክስቴም አብራን ነበረች። ዶቶሬሳ ሶስናን እያየች አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ «ኬ ኮዛ ቲ አስፔቲ?» ከዚህ ሕክምና ምን ትጠብቂያለሽ ማለት ነው።

አክስቴ ቀድማ መለሰች። «መርፌ። የምግብ ፍላጎት የሚከፍት መርፌ።»

ዶቶሬሳ ፈገግ ብላ ጥያቄውን ለሶስና ደገመችው። እኔ በአማርኛ አስረዳኋት።

«ምን ማለቷ ነው?» አለችኝ ሶስና። «ሐኪሟ እሷ አይደለችም እንዴ?»

እውነቷን ነው። እኛ አገር ሐኪም ምላስሽን አውጪ ይላል እንጂ ከእኔ ምን ትጠብቂያለሽ አይልም። ሶስና የነጠላዋን ጫፍ እያጣጠፈች «ምንም በላት» አለችኝ። «ምንም» ብዬ ተረጎምኩ። ዶቶሬሳ አልተቆጣችም። «እሺ፣ ሌላ ቀን እጠይቅሻለሁ» አለች።

እዚያ አስገቧት። እኔ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ አስተረጉማለሁ። ምግብ በሰዓቱ ይመጣል። ለእያንዳንዷ የራሷ ሳህን፣ የራሷ ፎርኬታ፣ ከዳቦው እስከ ፍሬው ተለክቶ። አንዲት ነርስ ቆማ ታያለች። የሚገፋለት ሰው የለም፣ የሚያጎርሱት የለም። ሳህኑ ላይ የቀረው ይታያል። እህቴ ምን ያህል እንደማትበላ በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ትሪ ላይ እየበላን አላየሁትም ነበር።

ቅዳሜ ስሄድ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለን «እዚህ ሰው ብቻውን ይበላል፣ ብዙ ሰው ያየዋል» አለችኝ። «እኛ ዘንድ ብዙ ሰው አብሮ ይበላል፣ ማንም አያይም።»

«የትኛው ይሻላል?»

«አላውቅም። እዚያ ተደበቅኩ። እዚህ ታሰርኩ።»

እናቴ በስልክ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ነው የምትጠይቀው። ለእኔ «ምን በላህ?» ለሶስና ደግሞ «ጉንጭ አወጣሽ?» ሶስና ስልኩን ከጨረሰች በኋላ ጉንጯን በጣቷ ትነካካለች። «እዚህ ሲመዝኑኝ፣ እዚያ ጉንጬን ሲጠብቁ» ትላለች። «ከእኔ ሁሉም የሚጠብቀው ሥጋ ነው።»

አንድ ቀን የበሽተኞቹ ቤተሰብ ሁሉ በተሰበሰበበት ዶቶሬሳ ያንኑ ጥያቄ ለሁሉም ጠየቀች። ክብ ሠርተን ተቀምጠናል። ከሁሉ ቀድማ የተናገረችው ፍራንቼስካ የምትባል ፊቷ ሙሉ የሆነ ልጅ ናት፤ አይተህ ምን ልትሠራ መጣች የምትላት። «እንደታመምኩ እንድታምኑኝ ነው» አለች። «ስላልከሳሁ ማንም አላመነኝም። እናቴ እዚህ ተቀምጣ እንኳ አታምነኝም።» እናቷ አንገቷን ደፋች። ቀጥሎ አንዲት ትልቅ ሴት፣ አስተማሪ ናት፣ «ከኪሎ ሌላ ነገር እንድትጠይቁኝ እፈልጋለሁ» አለች። «እዚህ ስሜ ከተጠራበት የተመዘንኩበት ይበልጣል።» አንዷ ደግሞ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ «መዳን እፈራለሁ። ይሄ ሲወጣልኝ ምን እንደሚቀረኝ አላውቅም። ቀስ ብላችሁ አድኑኝ» አለች። እኔ ለሶስና በጆሮዋ እየተረጎምኩ ነው። ይህኛውን ሳልተረጉመው ቀረሁ። እሷ ግን ገብቷታል።

ተራዋ ደረሰ። እኔ ምንም ትላለች ብዬ ቃሉን አዘጋጅቼ ነበር።

«ሰው በልቶ ይረሳል» አለች ሶስና። «አንተ ምሳ በልተህ እስከ ራት ትረሳዋለህ። እኔ ስበላም ሳልበላም የማስበው ምግብ ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ። ደክሞኛል። በልቼ መርሳት ነው የምፈልገው። በላት።»

አልኳት። መብላትና መርሳት የሚሉትን ቃላት በዚያን ጊዜ አውቃቸው ነበር። ፍራንቼስካ ራሷን ነቀነቀች፣ ደጋግማ። ዶቶሬሳ «ለመጨረሻ ጊዜ የረሳሽው መቼ ነው?» አለቻት።

ሶስና መልሱን ለመፈለግ አልቆየችም። ልጆች ሳለን፣ አሰብ፣ ምሽት ላይ። አልጋዎቹ ደጅ ወጥተዋል፣ ትሪው በአልጋዎቹ መካከል ተቀምጧል፣ ነፋሱ ከባሕሩ በኩል ዞሯል፣ አባታችን ሽርጥ ታጥቆ በማጣሪያው ስለዋለው ነገር ያወራል። ዓሣው በሰፈራችን የመን ዓሣ ጠባሾች ምድጃ የተጠበሰ ነው፣ ከሰፊው ቂጣ ጋር። «ከማን እጅ እንደጎረስኩ አላውቅም ነበር» አለች። «መቼ እንዳለቀም።»

ከዚያ በራሷ አፍ ሌላውን ጨመረች። በኋላ ትሪው መደበቂያዋ እንደሆነ፣ እንዴት እየገፋች ለሰው እንደምታስብ ልጅ እንደተቆጠረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሰማሁት። ተርጉሜ ስጨርስ ዶቶሬሳ ወንበሯን ወደ ሶስና አስጠጋች።

«አንድ ቀን እንደዚያ መብላት ትፈልጊያለሽ?»

«እፈልጋለሁ።»

«ትሪው መደበቂያሽ ከሆነ እኔ እንዴት አምጡ እላለሁ?»

«አሁን ታውቃላችሁ እኮ። ስገፋ መልሱልኝ። ግን አትዩኝ።»

ዶቶሬሳ ፈቀደች። ዓሣውን ከወደቡ የገዛሁት እኔ ነኝ። ከጀርባው ሰንጥቀው ዘርግተው እንዲሰጡኝ ለሻጩ በእጄ አስረዳሁ፣ እሱ እንደዚያ ተቆርጦ አያውቅም ብሎ ተከራከረኝ። አክስቴ በሕክምናው ቤት ፎርኖ ጠበሰችው። ልክ እንደዚያኛው አልሆነም፣ ጢሱ የለም፣ ግን ዳር ዳሩ አርሯል፣ ያ ደህና ነው። ቂጣው ላይ ትሪ ሙሉ አደረግነው። አክስቴ፣ ዶቶሬሳ፣ ፍራንቼስካ፣ ነርሷ ራሷ፣ እኔና ሶስና ከበብነው። ነርሷ ቆማ ማየት ለምዳ ስለነበር ስትቀመጥ እጇን የምታስቀምጥበት ጠፋባት።

«በእጅ ነው?» አለች ፍራንቼስካ።

«በቀኝ እጅ» አለች አክስቴ። «ደግሞ ከፊት ለፊትሽ ብቻ። የሰው ድንበር አትግቢ።»

ሶስና ደህናውን ሥጋ ከአጥንቱ ለይታ እንደልማዷ ወደ ዶቶሬሳ ገፋችው። ዶቶሬሳ አላወቀችም፣ ልትበላው ነበር። እኔ እጄን ልኬ ወደ ሶስና መለስኩት። ሶስና ወደ አክስቴ ገፋችው። አክስቴ መለሰችው። ወደ ፍራንቼስካ ገፋችው። ፍራንቼስካ ምን እየሆነ እንዳለ ገብቷት መለሰችላት፣ እየሳቀች። ያቺ ቁራሽ ዓሣ ትሪውን ዞራ ሶስና ፊት ቆመች።

«እሺ» አለች ሶስና። «እሺ፣ አሸነፋችሁ።»

በላችው። ማንም አላያትም፣ ማለቴ ሁላችንም እያየን አላየናትም። አክስቴ የአሰብን ሙቀት ማውራት ጀመረች፣ በረዶ ሻጩን፣ ከፋብሪካው ገዝቶ ቤታችን እስኪያደርስ በረዶው ግማሽ ሆኖ «ግማሹን ባሕሩ ወሰደው» እያለ ሙሉ ዋጋ የሚጠይቀውን። ሶስና አቋርጣት የሰውየውን ድምፅ አስመሰለች። በትክክል ነው ያስመሰለችው። እጇ ትሪው ላይ ነበረች። ስታወራ ትቆርሳለች፣ ታወራለች፣ ትጎርሳለች። አንድ ጊዜ እኔን አጎረሰችኝ፣ እኔም አጎረስኳት፣ አፏን ከፈተች።

ስትሸኘኝ በሩ ላይ ቆመችና «ምን ያህል እንደበላሁ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«አላየሁም።»

«እኔም አላስታውስም» አለች።

ከዚያ በኋላ ትሪው በየሳምንቱ ሆነ። ሌሎቹም መጡ። ያቺ አስተማሪ አንድ ቀን ከባሏ ጋር መጥታ እሱን ቀኝና ግራ እጅ ስታስተምር ሰማኋት። ሶስና እየተሻላት ነበር። ይህን የምለው ለራሴ ማጽናኛ አይደለም፣ ዶቶሬሳም ብላለች። ነገር ግን ልቧ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ተጎድቶ ነበር። በዚያ ክረምት፣ እዚህ ክረምት ማለት ብርድ ነው፣ አንድ ጠዋት ልቧ ቆመ። ከእንቅልፏ አልነቃችም። ዶቶሬሳ ራሷ ቤታችን መጥታ ነው የነገረችን፣ ደረጃውን በእግሯ ወጥታ። እኔ ያልኩትን አላስታውስም። «ፍሬኑ ለቅቆ ነበር እኮ» አልክ አለችኝ አክስቴ በኋላ።

መርዶ በስልክ አይነገርም። አክስቴ የደወለችው ለእናቴ ሳይሆን ለጎረቤቶቻችን ነው። እነሱ ተሰብስበው፣ ካህኑን ይዘው፣ ጎህ ሳይቀድ ሄደው ነገሯት። ጋሽ ተካ ከጉዞ ተመልሶ አሰብ ስለነበር አብሮ ሄዷል። እሱ ምንም ማለት አቅቶት ከግድግዳው ተደግፎ «በልታ ነበር እኮ፣ ሎጊያ ላይ በልታ ነበር እኮ» እያለ ደጋገመ አሉኝ።

እዚህ ለቅሶ ቤት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ጎረቤት የለም። እኔና አክስቴ ከቀብር ተመልሰን ተቀመጥን፣ ምድጃ ሳንለኩስ ሰነበትን። በሩ ተንኳኳ። ሲኞር አልዶ ናቸው።

«ሽታ የለም» አሉ። «ሰሞኑን ምንም አይሸትም። ምነው?»

አክስቴ ነገረቻቸው። ወርደው ሄዱ። ሲመለሱ ድስት ሙሉ የአትክልት ሾርባ ይዘው ነበር። አስቀምጠው መሄድ ይሁን መቆም ይሁን ጨንቋቸው በሩ ላይ ቆሙ። አክስቴ ወንበር ሳበችላቸው። ሾርባው አክስቴ እንዳለችው አይሸትም፣ አይጣፍጥምም። ሦስታችንም ጨረስነው።

በዚያው ዓመት የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት መጣ። ወደቡ ለእኛ ሰዎች ተዘጋ፣ አባቴና እናቴ ያንን ሁሉ ዓመት የኖሩበትን ቤት ትተው፣ የብረት አልጋዎቹን ደጅ እንደተዘረጉ ትተው፣ ኮምቦልቻ ዘመድ ዘንድ ገቡ። ስለዚህ አሁን አገሬ ብዬ የማስበው ቦታ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ሶስና እዚህ ኮረብታ ላይ ተቀብራለች፣ ባሕሩ ይታያታል፣ ግን ባሕሩ የእኛ አይደለም። እኔ ጋራዥ ተቀጥሬያለሁ። ጣሊያንኛዬ በመጨረሻ ቦታውን አገኘ።

እናቴ ከመርዶው በኋላ በስልክ «ምን በላህ?» ማለት ትታለች። ስለ ኮምቦልቻ ብርድ ታወራለች፣ ስለ አባቴ ጉልበት፣ ስለ ውኃው። ውኃው ጨው የለውም፣ ሻዩ አይጥመኝም ትላለች። ምግብ የሚለው ቃል በአጠገቧ አያልፍም። እኔም አላነሣም። ባለፈው እሑድ ግን አክስቴ አሮጊቷ ዘንድ ስለዋለች ብቻዬን ነበርኩ፣ ዓሣ ጠብሼ ትሪው ላይ አደረግኩት፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ፣ መጀመር አቃተኝ። ስልኩን አነሣሁ።

ስለ ብርዱ አወራች። ስለ ጉልበቱ አወራች። ዝም ስትል ጊዜ «እማዬ፣ ዓሣ ጠብሻለሁ» አልኳት።

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ ስታዛውር ሰማሁ።

«ከማን ጋር ነህ?» አለች።

«ብቻዬን ነኝ።»

«በላህ?»

«ገና ነው።»

ስልኩን አንድ ነገር ላይ ስታስቀምጥ ሰማሁ። ጫማዋ ሲሄድ፣ አንድ ክዳን ሲከፈት፣ ሳህን ሲነካካ ሰማሁ። ተመልሳ መጣች።

«እዚህ ዓሣ የለም። ሽሮ ነው ያለው» አለች። «ስልኩን እንዳትዘጋው። በል ብላ።»

ቆረስኩ። የኮምቦልቻው ስልክ ይንሿሿል፣ እናቴ ስታላምጥ ይሰማኛል፣ ምንም አላወራንም። ደህናው ሥጋ ከአጥንቱ ሲለቅ እጄ ሳላዘው ከትሪው ማዶ ገፋው። ማንም የሚመልሰው ስለሌለ እዚያው ተቀመጠ።

«እየበላህ ነው?» አለች እናቴ።

«እየበላሁ ነው።»

«አጥንቱን ተጠንቀቅ» አለች፣ መብላቷንም ቀጠለች።